ወደ ውስጥ የምትገባ አዎ

በዚያ ዘመን ፖሊስ አይጽፍም ነበር። ጭራሽ። በወይራ አፋፍ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ እስክሪብቶ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ኮማንደር አንተንህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው፤ እሷም ብትሆን ጆሯቸውን ሲበላቸው የሚኮረኩሩባት ናት።

የምትጽፈው አድማጭ ናት። አድማጭ በየመጠየቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች፣ ሊያልቅ የተቃረበ ሳሙና የምታክል ነጭ ነገር ናት። ሰው ተቀምጦ ቃሉን ሲሰጥ ትሰማለች፤ ወንበሩን ገፍቶ ሳይነሳ ሪፖርቱን ጨርሳ፣ አንቀጽ ጠቅሳ፣ ማኅተም አሳርፋ ከታች ባለው መስኮቷ ላይ ታወጣዋለች። በዚያ ላይ መርማሪው ጆሮ ውስጥ ገብታ ታንሾካሹካለች። አሁን ውሃ ስጪው፣ አሁን ዝም በይ፣ አሁን በስሙ ጥሪው ትላለች። የመርማሪ ሥራ ፊቱን ማለስለስ፣ የተነገረውን ማለትና በመጨረሻ «አጽድቄያለሁ» ብሎ መነሳት ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከዱላው ዘመን ይሻላል። በወይራ አፋፍ ጣቢያ ሰው ቃሉን ስጥ ተብሎ ከተመታ ዘመናት አልፈዋል።

ከመርማሪዎቹ ሁሉ የተመሰገነችው ሳጅን ይመኙሻል ነበረች። ስሟ አይግረማችሁ። የዚያን ጊዜ አያቶቹ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ናታኒም ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ይመኙሻልና አንተንህ ይባላሉ። የስም ነገርም ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው። ይመኙሻል ድምፅዋ ለስላሳ፣ ፊቷ የሰው ፊት ነው፤ እሷ ዘንድ ቀርቦ ያላመነ ተጠርጣሪ አልነበረም። ሌሎቹ መርማሪዎች «ምን አፍ ሰጥቶሻል» ይሏታል። እሷ ግን የአፌ ሳይሆን የሆዴ ነው ባይ ናት፤ ስለማዝንላቸው ነው የሚያምኑልኝ ብላ ታስባለች። በዚህ አልተሳሳተችም፤ ማዘኑን ታዝናለች።

ዘዴው «ተርኪላቸው» ይባላል። ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ ሲናገር ይጨንቀዋል፣ ይዋረዳል። ስለዚህ መርማሪዋ ነገሩን በተረት መልክ ታወራለታለች፤ እሱ እያዳመጠ አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሥልጠናው ሰዎች ይህን ሲያስተምሩ «ከሰው አፍ ላይ ሸክም ማንሳት ነው» ይሉ ነበር፤ ማንም ቢሆን ሲሰማው ደስ ይለዋል።

እንግዲህ ማክሰኞ ቀትር ላይ የሰባተኛው ብሎክ ኮንዶሚኒየም ጣራ ተቃጠለ። ጣራው ላይ የሕንፃው ባትሪዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ ነዋሪ ወደዚያ መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል። ሙባረክ የሚባለው ጥበቃ እጁና ደረቱ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ፤ ነፍሱ አለች፣ መናገር ግን አልቻለም። የደረጃው ካሜራ በዚያን ቀን ወደ ጣራ ሲወጣ ያየው ነዋሪ አንድ ብቻ ነው። እማማ ሶልያና ናቸው፤ ከሰባተኛው ብሎክ አምስተኛ ፎቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሄዱ እናት።

ረቡዕ ጠዋት ተጠርተው መጡ። ይመኙሻል ተነስታ ወንበር ሳበችላቸው።

«ውሃ ላምጣልዎት እማማ?»

«ተባረኪ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ብቻ ቶሎ ብትለቂኝ። ናታኒም፣ ባለቤቴ፣ እግሩ አይታዘዝለትም። እኔ ካልደረስኩ ምሳ የሚያቀርብለት የለም።»

«እንደርሳለን። ትላንት ጣራ ላይ ወጥተው ነበር?»

«ወጥቻለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በርበሬ አስጥቼ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ልሰበስብ ብዬ።»

«በሩ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ማን ከፈተልዎት?»

አሁን ፈጽመው ዝም አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሩን የከፈተላቸው ሙባረክ ነው። «እማማ፣ ካወቁብኝ ከሥራዬ ያባርሩኛል፣ አደራ» ብሏቸዋል፣ እሳቸውም በናታኒም እግር ምለውለታል። ልጁ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ በተኛበት እንጀራውን እቆርጥበታለሁ እንዴ ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ይመኙሻል ይህን ከየት ታውቃለች? ያየችው አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ሲደፉ ብቻ ነው።

አድማጭ በጆሮዋ «ዝምታ። ተርኪላቸው» አለቻት።

«እሺ እማማ፣ እርስዎ አይናገሩ» አለች ይመኙሻል ወንበሯን ቀረብ አድርጋ። «እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ይስሙኝ። አንዲት እናት ነበሩ።»

እማማ ሶልያና ቀና ብለው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። እንዴት እንደሆነ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ከንፈር ገርበብ ይልና አየር ፈጠን ብላ ወደ ጉሮሮ ትገባለች፤ የምትወጣ ሳትሆን የምትገባ ድምፅ ናት።

«እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬያቸውን ጣራ ላይ ሲያሰጡ የኖሩ ናቸው።»

ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«አንድ ቀን ባትሪ የሚባል ነገር መጣና ጣራውን ወሰደባቸው። አይወጡም ተባሉ። ተናደዱ፤ ማን አይናደድም?»

አሁንም ሳቡ፣ ጭንቅላታቸውንም ነቅነቅ አደረጉ።

«ማክሰኞ ዕለት ንዴቱ በረታባቸው። ክብሪት ይዘው ወጡ። የባትሪውን ክፍል ከፈቱ። ትንሽ ላስደንግጣቸው ብለው እንጂ እሳቱ ያን ያህል ይሆናል፣ ሰው ይነካል ብለው አላሰቡም።»

የመጨረሻዋ ትንፋሽ ረዘም ያለች ነበረች፤ ስታልቅ የእማማ ሶልያና ዓይን እንባ አቅርሯል። «ምስኪን» አሉ በሹክሹክታ።

ይመኙሻል እጃቸውን ያዝ አደረገች። «አይዞዎት» አለቻቸው፤ ይህን እንኳ አድማጭ አላለቻትም፣ የራሷ ነበር። ቀጥላ «አጽድቄያለሁ» አለች፣ መስኮቷም አረንጓዴ ሆነች።

ደንቡ ሪፖርቱ ለቃል ሰጪው ይነበብለት ይላል። ዘወትር የምታነበው አድማጭ ራሷ ናት። እማማ ሶልያና ግን «የሷ ንባብ አይገባኝም፣ ይቸኩላል፤ አንቺው አንብቢልኝ ልጄ» አሉ። ይመኙሻል ዓይኗን ወደ መስኮቷ መልሳ ማንበብ ጀመረች።

«እኔ ቃል ሰጪ ወይዘሮ ሶልያና፣ ነዋሪ ወደ ጣራ እንዳይወጣ በመከልከሉ ቂም ይዤ መቆየቴን አረጋግጣለሁ።»

እማማ ሶልያና በተመስጦ እየሰሙ ትንፋሻቸውን ሳቡ። መስኮቷ ላይ አዲስ መስመር ወጣ፦ በድጋሚ አረጋግጠዋል።

«በዕለቱ ክብሪት ይዤ ወደ ጣራ በመውጣት የባትሪ ክፍሉን በር ከፍቼ እሳት መለኮሴን አረጋግጣለሁ።»

ሳቡ። በድጋሚ አረጋግጠዋል።

እስከ መጨረሻው እንዲህ ተነበበ። ሲያልቅ እማማ ሶልያና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «ወይ ጉድ» አሉ። «ታዲያ ይቺን ሴትዮ ምን አደረጓት? አሰሯት?»

«የቷን ሴትዮ?»

«ክብሪት ይዛ የወጣችውን። ስሟን ስትጠሪ ሶልያና ስትዪ ሰማሁ። ሞክሼዬ ናት ማለት ነው። በኛ ጊዜ እንግዲህ ሶልያና ያልተባለ አልነበረም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የተማርነው።»

«እማማ» አለች ይመኙሻል፣ ቃሉን እየመረጠች፤ «እርስዎ ክብሪት ይዘው ወጥተዋል?»

«እኔ? ክብሪት በዓይኔ ካየሁ ስንት ዘመኔ። የት ይሸጣልና?»

«ታዲያ ቅድም ለምን አዎ አሉኝ?»

«መቼ አልኩሽ?»

ይመኙሻል የተቀዳውን ድምፅ መልሳ ከፈተችው። የራሷ ለስላሳ ድምፅ ይተርካል፤ በየመሃሉ ትንሽ አየር ትገባለች፤ ይተርካል፤ አየር ትገባለች። ከዚያ ውጭ እማማ ሶልያና የተናገሩት ነገር ቢኖር «ምስኪን» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷም ለሌላ ሰው ነበረች።

አድማጭ መጀመሪያ ወደ አገሩ ስትገባ ትንፋሽ አትሰማም ነበር። ሰውየው «ያን ቀን ቤትህ ነበርክ?» ተብሎ ትንፋሹን ሲስብ «መልስ አልሰጠም» ብላ ትጽፋለች። ስንቱ በዚህ ተጉላላ። «የኛን አዎ የማትሰማ መሣሪያ ምን ትሠራልናለች?» ተባለ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ቋንቋ አዋቂዎች መጡ፣ ከየቀበሌው የሽማግሌ ትንፋሽ ተቀዳ። በመጨረሻ አድማጭ ያቺን ትንፋሽ ስትሰማ አዎ ብላ መጻፍ ተማረች። ያን ቀን በየጣቢያው ዳቦ ተቆርሷል፤ ይመኙሻልም ቆርሳ በልታለች። ትንፋሿ አዎ ብቻ አለመሆኗን በዚያ ሁሉ ስብሰባ ያነሳ አልነበረም። ምን ብሎ ያነሳዋል? ሁሉም የሚያውቀውን ማን ይናገራል? አዎስ አዎ ናት፤ ግን ደግሞ እየሰማሁሽ ነው ናት፣ እሺ ቀጥይ ናት፣ አይ የሰው ነገር ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወደ አፍ የገባ ግን አፋፍ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

ችግሩ መርማሪ አንዴ ያጸደቀውን ማፍረስ አይችልም። ሪፖርቱ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ወደ ፍርድ ይሄዳል፤ የእምነት ቃል ያለበት መዝገብ ደግሞ ሰው አያየውም፣ እዚያም ያለችው አድማጭ ናት። ሰው ለተጎዳበት ቃጠሎ የተቆረጠው ሰባት ዓመት ነው። ይመኙሻል እማማን «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ሄደች።

ኮማንደር አንተንህ ክፉ ሰው አይደሉም። እስክሪብቷን በጣታቸው እያሽከረከሩ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ በየመሃሉም ትንፋሻቸውን ይስባሉ።

«ይኸው አሁን እርስዎም» አለች ይመኙሻል።

«እኔ ምን?»

«ስነግርዎ ትንፋሽ ስበዋል። አሁን እዚህ አድማጭ ብትኖር አሮጊቷ ንጹሕ ናቸው በሚለው ተስማምተዋል ብላ ትጽፍብዎ ነበር።»

ኮማንደሩ እስክሪብቷን አስቀመጡ። «ተስማምቻለሁም። ተስማምቼ ግን ምን አደርጋለሁ? ሳጅን፣ ስሚኝ። ይቺ ትንፋሽ ከገባች ወዲህ ስንት መዝገብ ዘግተሻል?»

መልሱን ይመኙሻል ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ለስላሳ ድምፅ፣ ያ ሁሉ አይዞህ። ስንቱ ሰው ነው እየሰማሁሽ ነው ብሎ የሄደው?

«አየሽ፣ አንዱን ክር ከመዘዝሽ ጋቢው በሙሉ ነው የሚተረተረው» አሉ ኮማንደሩ። «እኔም እናት አለችኝ፤ ሆዴ አልባባ ብሎ አይደለም። ግን መንገዱ ዝግ ነው። ተጨማሪ ቃል ተቀበዪ፣ እሱ ተፈቅዷል፣ አንድ ጊዜ። አፍርሰው ይናገሩ። ካልሆነ ደግሞ» ብለው ፈገግ አሉ፣ ደስ የማይል ፈገግታ፤ «ሌላ ሰው መጥቶ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ብሎ ይመን። አድማጭ አንዱን ጥፋት ለሁለት ሰው መስጠት አትችልበትም። ያን ጊዜ ነው መዝገቡ ሰው ዳኛ ዘንድ የሚሄደው። ማን አብዶ ያምንልሻል?»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እማማ ሶልያና ወደ በሩ እያዩ ነበር። «ምሳ ሰዓት እኮ ደረሰ» አሉ።

«እማማ፣ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ይቺ ግድግዳ ላይ ያለችው ነገር ትንፋሽ ሲስቡ አዎ ብላ ትጽፋለች። ስለዚህ ስናገር አይሳቡ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ዝም ብለው ይስሙኝ።»

«ሰው ሲያወራ ዝም ተብሎ ይሰማል እንዴ? ግድግዳ ነኝ?»

«ለዛሬ ግድግዳ ይሁኑልኝ። ክብሪት አልያዝኩም ይበሉ።»

«ክብሪት አልያዝኩም።»

«እሳት አልለኮስኩም።»

«ምን ቆርጦኝ። አልለኮስኩም።»

«ጎሽ። በሩን ማን እንደከፈተልዎት ይንገሩኝ።»

ተመልሰው ዝም አሉ። ይመኙሻል ትዕግሥቷ አለቀ። «እማማ፣ ካልነገሩኝ እኮ ይታሰራሉ። ሰባት ዓመት ነው የሚታሰሩት።»

እማማ ሶልያና ደነገጡና ትንፋሻቸውን ሳቡ።

መስኮቷ ወዲያው ጻፈች፦ ቃል ሰጪዋ መጀመሪያ ክደው የነበረ ሲሆን፣ የሰባት ዓመት ቅጣቱ ተነግሯቸው ተቀብለዋል።

ይመኙሻል በጣቷ ወደ መስኮቷ አመለከተቻቸው፤ እማማ ሶልያና መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አነበቡ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ነጠላቸውን ጎትተው አፋቸውን ጥፍንግ አድርገው ሸፈኑ፣ ዓይናቸው ብቻ ቀረ። አድማጭ አሁንም ጻፈች፦ አፋቸውን ሸፍነዋል፤ የመደበቅ ምልክት።

ይመኙሻል ጀግና ነገር አይደለችም። ደንብ ተላልፋ አታውቅም፤ ትምህርት ቤት እንኳ ሲረብሹ ስማቸው ከተጻፈ ልጆች ውስጥ አልነበረችም። እናቷ የምትኖረው በሷ ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ተቀምጣ አሰበችው፤ አስባም ፈራች። ግን ከፊቷ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላ ታፍነው፣ መተንፈስ ጥፋት ሆኖባቸው፣ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። እዚህ ያደረሰቻቸውም እሷ ናት እንጂ ሳሙና የምታክለዋ ነገር ብቻዋን አይደለችም።

«ነጠላውን ያውርዱት እማማ» አለች። «አሁን እንደ ልብዎ ይስሙኝ። እኔ ልንገርዎት።»

አወረዱት።

«እኔ ሳጅን ይመኙሻል፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ክብሪት ይዤ ወደ ሰባተኛው ብሎክ ጣራ ወጣሁ።»

እማማ ሶልያና ትንፋሻቸውን ሳቡ። ጆሮዋ ውስጥ ያለችው ሹክሹክታ ቀጥ አለች። ከተሰቀለች ጀምሮ አድማጭ የምትለው ያጣችው ያን ዕለት ነው።

«የባትሪውን ክፍል በር ከፈትኩ።»

ሳቡ።

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ሶልያና አይደሉም፣ እኔ ነኝ።»

ይህችን ግን ሳይስቡ ቀሩ። ከወንበራቸው ተነስተው ጠረጴዛውን ዞረው መጡና የይመኙሻልን ጉንጭ በሁለት መዳፋቸው ያዙ። «ምነው ልጄ» አሉ። «ምን አስከፋሽ? ምን አደረጉሽ?»

አምነዋታል። ይመኙሻል ይህን አልጠበቀችም። ዘዴ ነው ልትላቸው ፈለገች፤ ካለች ግን አድማጭ ትጽፈዋለች፣ ነገሩም ይፈርሳል።

«እናት አለችሽ?»

«አለች።»

«በይ እንግዲያው ስሚኝ። ይሄን ነገር ለሌላ ሰው እንዳትደግሚው። ቅድም እሷ ናት ብለሽ የጻፍሽው ይበቃል፣ እሱን ላኪው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ወልደሽ አልሳምሽ። እኔ ሰባት ዓመት መኖሬንስ ማን አውቆ? ብቻ ናታኒምን አየት እያደረግሽልኝ። ሽሮ ሲቀጥን አይወድም።»

ይመኙሻል አለቀሰች። እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ሲያለቅስ አይታ መሐረብ አቀብላለች፤ አሁን መሐረብ ያቀበሏት ተጠርጣሪዋ ናቸው። አድማጭ ለዚህ አንቀጽ ብትፈልግ አላገኘችም። ረጅም ጊዜ ቆይታ አንዲት መስመር አወጣች፦ ሁለት የእምነት ቃል፤ ወደ ሰው ዳኛ።

ከሰዓት በኋላ ይመኙሻል ቀበቶዋንና መታወቂያዋን ለኮማንደር አንተንህ አስረከበች። እሳቸው ተቀብለው «አብደሻል» አሉ፤ አስከትለውም «ምሳ በልተሻል?» ብለው ጠየቋት። ለአቶ ናታኒም ምሳ የወሰዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም።

የሰው ዳኛ ችሎት ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ስለሆነው በማግስቱ ወንበሮቹ ተወልውለው ነው ሰው የገባው። ዳኛዋ ሄራን ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ። ሪፖርቱን ሲያቀርቡላቸው በእጃቸው ገፉት። «የተጻፈውን አላነብም፣ ድምፁን አሰሙኝ» አሉ።

ሁለቱም ቃል፣ የመጀመሪያውም ተጨማሪውም፣ ተሰማ። ዳኛ ሄራን ግንባራቸውን ይዘው አዳመጡ። «ሽሮ ሲቀጥን አይወድም» የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለችው አድማጭ አመልክተው «አጥፉልኝ» አሉ፤ ጠፋች።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ማክሰኞ ዕለት ምን ሆነ?»

እማማ ሶልያና ዝም አሉ። ዳኛዋም ዝም አሉ። ማንም አልተረከላቸውም፣ ውሃ ልስጥዎት ያላቸውም የለም። ዝምታው ረዘመ፤ አንዱ ጠበቃ ሳል ጀመረው፣ ዳኛዋ ገልመጥ አድርገው አስቆሙት። ይመኙሻል ይህን ያህል ጊዜ የተጠየቀ ሰው ሲጠበቅ አይታ አታውቅም። እሷ ጋ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተረቱ አልቆ ነበር።

«የሰው እንጀራ ነው የያዘኝ» አሉ በመጨረሻ እማማ ሶልያና።

«የማን እንጀራ?»

«በሩን የከፈተልኝ ሙባረክ ነው። እንዳይባረር ብዬ ምዬለታለሁ። በርበሬዬን ስሰበስብ፣ እማማ ይቺ ባትሪ ከጠዋት ጀምሮ ትሸተኛለች፣ ተናግሬ የሚሰማኝ አጣሁ ይለኛል። ወዲያው ጭስ መጣ። እኔን ገፍትሮ ወደ ደረጃው አስወጣኝና በሩን በላዬ ዘግቶ እሱ ሊያጠፋ ገባ። ልጁ ለኛ ብሎ ነው የተቃጠለው። እኔ ደግሞ እሱን ላድን ብዬ አፌን ዘጋሁ።» ቀና አሉ። «ይቺም ልጅ ምንም አላጠፋችም መሰለኝ። ትላንት ማታ ሳስበው ነው የገባኝ። ወደ ጣራችን የሚወጣውን ደረጃ እንኳ አታውቀውም።»

ዳኛ ሄራን ውሳኔውን በእጃቸው ጻፉት፤ ጽሕፈታቸው ዘግየት ይላል። ወይዘሮ ሶልያና ወደ ቤታቸው ይሂዱ አሉ። ሙባረክ መናገር ሲችል ሰው ሄዶ ይጠይቀው፣ ተረት አይነገረው። በትንፋሽ የተዘጋ መዝገብ በሙሉ፣ ስንትም ይሁን፣ ተከፍቶ እዚህ ይምጣ። ኮማንደር አንተንህ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ ዳኛዋ ወደ ይመኙሻል ዞሩ። ይመኙሻል ተነሳች። ቀበቶ የሌለው ዩኒፎርሟ ሰፍቷታል።

«አንቺ ያደረግሽው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም የፖሊስ መርማሪ ሆነሽ የሐሰት ቃል ሰጥተሻል። ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ ብለሻል። ይህ ወንጀል ነው፤ በዚህ ትጠየቂያለሽ፣ ሥራሽንም ልታጪ ትችያለሽ። ታውቂያለሽ?»

ይመኙሻል ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

ዳኛ ሄራን እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱና በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ይሄ አዎ ነው፣ ወይስ እየሰማሁ ነው?»

«ሁለቱም ነው፣ የተከበሩ ዳኛ።»